ወተቱን ተከትዬ

ናይሮቢ ውስጥ ኪሊማኒ በሚባለው ሰፈር አንዲት አነስተኛ የአበሻ ምግብ ቤት አለችኝ። ዘወትር ማለዳ 12 ሰዓት ላይ አንድ ወጣት ከኪያምቡ ገጠር በፒክአፕ 40 ሊትር ወተት ያመጣልኛል። ከፊሉ ለማኪያቶ ይውላል፣ ከፊሉ ይረጋል። የረጋው ተንጦ ቅቤው ይነጠራል፣ አሬራው ለአይብ እሳት ላይ ይጣዳል። ቤቴ የምትታወቀው በክትፎዋና በአይቧ ነው። እንግዶቼ «ይሄ አይብ የአገር ቤት አይብ ነው» ሲሉኝ ደስ ይለኛል። ወተቱ ከማን ጓሮ፣ ከየትኛዋ ላም እንደሚመጣ ግን ለዓመታት ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ከማንም በፊት መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። አገር ቤት ሳለሁ ሙያዬ ይኸው ነበር። በአንድ የግብርና ኮሌጅ ሦስት ዓመት የእንስሳት እርባታ ተምሬ፣ በጣና ዳር በፎገራ ሜዳ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሆኜ አገልግያለሁ።

አንድ ቀን ወተቱ ዘገየ። ወጣቱ ሲደርስ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። «ይቅርታ ማማ፤ ሌሊቱን ላም ስታምጥ ከዳክታሪ ጋር አብረን አደርን» አለኝ። ዳክታሪ በስዋሂሊ ሐኪም ማለት ነው። «በሌሊት ገጠር የሚገባ ሐኪም አላችሁ?» አልኩት። «ሐኪም እንኳ አይደለም፤ የአክስቴ ልጅ ነው። ካቤቴ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምሮ ተመልሶ የመጣ ነው። መንደሩ ግን ዳክታሪ ነው የሚለው።»

«ተምሮ ተመልሶ የመጣ» ያለው ቃል ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። እኔ ተምሬ የሄድኩ ነኝ። ኮሌጅ ለገጠር ምን እንደሚሠራ፣ ምን ሲጎድለውስ እንደሚከሽፍ ለማወቅ ወተቱን ተከትዬ ለመሄድ የወሰንኩት በዚያ ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ያየሁትንና የተማርኩትን ነው የምጽፍላችሁ። የኬንያንና የሌላውን ዓለም ዓመታት የጻፍኩት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ሁለት ጥማድ በማይሞላ መሬት

በሚቀጥለው እሑድ ምግብ ቤቱን ለልጄ ትቼ ወደ ወጣቱ መንደር ወደ ጊቱንጉሪ ሄድኩ። ከናይሮቢ ብዙ አይርቅም። የከተማው ፎቅ ሲያልቅ ሸንተረሩ ይጀምራል፤ በሸንተረሩ ላይ ሻይ፣ ቡና፣ ሙዝ፣ በየድንበሩ ደግሞ እኛ ዝሆን ሣር የምንለው ረጅም የከብት መኖ።

የወጣቱን እናት መንደሩ «ሾሾ» ይላቸዋል፤ አያት ማለት ነው። መሬታቸው አንድ ኤከር ናት፤ በእኛ ልኬት ሁለት ጥማድ አትሞላም። በእንጨት በረት ውስጥ ሦስት ላሞች ቆመዋል። ግጦሽ የሚባል ነገር የለም፤ ሣሩ ታጭዶ፣ በመቁረጫ ተከትፎ በየገበታቸው ይቀርብላቸዋል። ሁለቱ ይታለባሉ፤ በዚያ ቀን 34 ሊትር ሰጥተዋል። እኔ ያገለገልኩበት የፎገራ ሜዳ በዘሩ የታወቀ የወተት ከብት ያለበት አገር ነው። ያም ሆኖ ጎበዝ የሚባለው ባላገር ከአንዲት ላም ሦስትና አራት ሊትር ካለበ ምስጋናው ብዙ ነበር።

ጥቂት እንደቆየን ዳክታሪ በሞተር ብስክሌቱ ደረሰ። ከኋላው አንድ ትልቅ የብረት ፍላሽ ታስሯል። ከጎረቤት አንዲት ላም ኮርማ ፈልጋ ኖሮ አብሬው ሄድኩ። ፍላሹን ሲከፍተው ነጭ ጭስ ወጣ። ከውስጡ ያለው ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው፤ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። በውስጡ ከስኪሪብቶ ቀፎ የሚቀጥኑ ትንንሽ ቱቦዎች አሉ፤ በእያንዳንዱ የአንድ ምርጥ ኮርማ ዘር ታሽጓል። ባለቤቱን «መቼ ነው የጀመራት?» አለ። «ዛሬ ጠዋት፣ ስታለብ» አለው። «እንግዲያው ማታ እመለሳለሁ። ጠዋት የታየች ማታ፣ ማታ የታየች ጠዋት ነው።»

ይህችን ደንብ ኮሌጅ ሳለሁ በቃሌ አውቃት ነበር። ፈተና ላይ መጥታ በትክክል ጽፌያታለሁ። ማዳቀያውን መሣሪያ ግን በእጄ ሳልይዝ ነው የተመረቅሁት። ያ ልጅ ሲመሽ ተመልሶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ሥራውን በጥቂት ደቂቃ ሲጨርስ ቆሜ አየሁ። ከዚያ ደብተሩን አውጥቶ የላሟን ስም፣ ቀኑን፣ የኮርማውን ቁጥር፣ የምትወልድበትን ወር ጻፈ።

ሾሾን «ይህ ልጅ መምጣቱ ምን ለወጠልዎት?» አልኳቸው። «ድሮ የሚያዳቅለው ሰው ከሩቅ ነበር የሚመጣው። እሱ ሲደርስ ላሟ ትታዋለች። ከዚያ እንደገና 21 ቀን መጠበቅ ነው» አሉኝ።

ነገሩ ሁሉ እዚህች 21 ቀን ላይ ነው። ላም ኮርማ የምትፈልገው በየ21 ቀኑ አካባቢ ነው፤ ጊዜው ደግሞ ከአንድ ቀን ብዙም አያልፍም። አንዴ ካመለጠ ጥጃውም ወተቱም በሦስት ሳምንት ይዘገያል። ላሟ በቀን 15 ሊትር የምትሰጥ ከሆነ 315 ሊትር ወተት ማለት ነው። ሁለቴ ሲያመልጥ የልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ይሆናል። ባለሙያው በአምስት ኪሎ ሜትር ወይም በሃምሳ ኪሎ ሜትር ርቀት መኖሩ ይህን ያህል ይለያያል። «የገጠር ኢኮኖሚ ልማት» ሲባል ብዙ ሰው ፋብሪካና አስፋልት ይታየዋል። ሾሾ በር ላይ ግን ልማት ማለት በሰዓቱ የደረሰ አንድ የኮሌጅ ምሩቅ ነው።

የካቤቴ ኮረብታ

ዳክታሪ የተማረው ካቤቴ በሚገኘው የእንስሳት ጤና ማሰልጠኛ ነው። ካቤቴ ከናይሮቢ መሐል በዋያኪ መንገድ ወደ ምዕራብ ሲወጡ ያለ ሰፈር ነው። እኔ ማታቱ በሚባለው ሚኒባስ ስንት ጊዜ አልፌበታለሁ፤ ቀና ብዬ አላየሁትም። የኬንያ ገጠር ታሪክ ግን እዚያ ኮረብታ ላይ ተከማችቷል።

እ.ኤ.አ. በ1924 የእንግሊዝ ቅኝ መንግሥት አናጢ፣ ግንበኛና ብረት ሠራተኛ የሚሰለጥኑበትን ተቋም እዚያ ከፈተ። ዛሬ ካቤቴ ብሔራዊ ፖሊቴክኒክ የሚባለው እሱ ነው። በዓመቱ፣ በ1925፣ የጂንስ ትምህርት ቤት ተከተለ። ስሙ የተወሰደው በአሜሪካ ደቡብ ለጥቁሮች የገጠር ትምህርት ቤቶች ሀብቷን ከሰጠችው ከአና ጂንስ ነው። መምህራኑ ከነሚስቶቻቸው መጥተው ጓሮ ማልማት፣ ጤና መጠበቅ፣ ልጅ ማሳደግ ተምረው ወደ መንደራቸው ይመለሱ ነበር። በ1946 በሰው ሠራሽ ዘዴ የማዳቀያ ጣቢያ እዚያው ካቤቴ ተቋቋመ፤ በዳክታሪ ፍላሽ ውስጥ ያየሁት የኮርማ ዘር የሚመጣው ከዚህ ጣቢያ ነው። በ1952 ደግሞ የኅብረት ሥራ ኮሌጁ በዚያው በጂንስ ትምህርት ቤት ግቢ ተወለደ። በ1967 በስካንዲኔቪያ አገሮች እርዳታ ካረን ወደሚባለው ሰፈር ተዛውሮ የማኅበራት ሒሳብ ሠራተኛና ሥራ አስኪያጅ ሲያሰለጥን ኖረ። ከ2016 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ከካቤቴ ታሪክ ውስጥ አንድ መራራ ነገር አለ፤ ሳልናገር ባልፍ እዋሻለሁ። የቅኝ ገዢው መንግሥት የእጅ ሙያን ሲያስተምር አፍሪካዊው ከእጅ ሙያ በላይ እንዳያልፍ ፈልጎ ጭምር ነበር። ሕዝቡም አውቆበታል። የኪኩዩ ወላጆች ገንዘብ አዋጥተው የራሳቸውን ነጻ ትምህርት ቤቶች የከፈቱት ልጆቻቸው የነጩን ልጅ ትምህርት እንዲማሩ ብለው ነው። የእጅ ሙያ ትምህርት «የበታች ትምህርት» ነው የሚለው ጥርጣሬ የተዘራው ያኔ ነው፤ እስከ ዛሬም አልተነቀለም።

እኛ ቅኝ ባንገዛም ከዚህ አላመለጥንም። ብረት ቀጥቃጩን ቡዳ፣ ቆዳ ፋቂውን ፋቂ፣ ሸክላ ሠሪዋን ጠይብ እያልን የኖርን ሕዝብ ነን። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ ይቀጣል ብለው በአዋጅ እስከመከልከል የደረሱት ስድቡ ምን ያህል ሥር ቢሰድ ነው! አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አውሮፓውያንን ሰብስበው ሴባስቶፖልን ያስቀለጡበት፣ የአገሬውን ወጣቶችም ሙያ ያስለመዱበት ስፍራ እኔ ካገለገልኩበት ሜዳ ሩቅ አይደለም። ጋፋትን የምናስታውሰው በመድፉ ነው። እጁን ያፍታታው ወጣትስ የት ደረሰ? ብሎ የጠየቀ አላጋጠመኝም።

ሀራምቤ ማለት ደቦ ነው

ኬንያ በ1963 ነጻ ስትወጣ መፈክሯ «ሀራምቤ» ሆነ። አብረን እንጎትት ማለት ነው። እኛ ደቦ፣ ወንፈል፣ ጅጊ የምንለው። ሕዝቡ በሀራምቤ ትምህርት ቤት ሠራ፣ ክሊኒክ ሠራ። ግን አንደኛ ደረጃ የጨረሱት ልጆች ሥራ አጡ። በ1966 የአብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት «ከትምህርት በኋላስ ምን?» የሚል ጥናት አወጣና የመንደር ፖሊቴክኒክ የሚባል ሐሳብ ተወለደ። ርካሽ ቤት፣ ከአካባቢው የተገኘ አሰልጣኝ፣ በአካባቢው የሚፈለግ ሙያ፤ ተማሪው ሲጨርስ እዚያው ሥራ እንዲጀምር።

ቀጥሎ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሕዝቡ ከዚያ ከፍ ያለ የቴክኖሎጂ ተቋም በየአካባቢው ለመሥራት ተሽቀዳደመ። በእንግሊዝኛ «ኮሚኒቲ ኮሌጅ» የሚባለው ማለት ነው። አሜሪካኖች የመጀመሪያውን በ1901 በኢሊኖይ ግዛት በጆሊየት ከተማ ከፈቱ፤ ዛሬ አንድ ሺህ ያህል አላቸው። ትርጉሙ ቀላል ነው፤ በአካባቢው ገንዘብ፣ ለአካባቢው ሰው፣ አካባቢው የሚፈልገውን ሙያ በአጭር ጊዜና በአነስተኛ ክፍያ የሚያስተምር ኮሌጅ። የኬንያዎቹን ልዩ የሚያደርጋቸው መንግሥት ሳይጠይቃቸው ገበሬው ራሱ መጀመሩ ነው።

ከእነዚህ አንዱን ለማየት ወደ ኒዬሪ ሄድኩ፤ ከናይሮቢ ወደ ሰሜን 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ማኩታኖ ከሚባለው መገንጠያ ወደ ቀኝ ቢታጠፉ የምዌያ የሩዝ ሜዳ ነው። የምዌያን ሩዝ በሐሳቤ ከፎገራ ሩዝ ጋር እያስተያየሁ አለፍኩ። ምዌያን በ1950ዎቹ የቆፈሩት በፀረ ቅኝ ገዢው የማው ማው አመጽ የታሰሩ እስረኞች ናቸው። ኒዬሪ ደግሞ የማው ማው መሪ የዴዳን ኪማቲ አገር ነው፤ እንግሊዞች በየካቲት 1957 የሰቀሉት።

የኒዬሪ ሕዝብ በ1972 የራሱን ኮሌጅ ሲጀምር በዚያ ጀግና ስም ኪማቲ የቴክኖሎጂ ተቋም አለው። በናይሮቢ መሐል የኪማቲ ሐውልት የቆመው ከዚያ 35 ዓመት ዘግይቶ በ2007 ነው። ገበሬው ለጀግናው ኮሌጅ አቁሞለት ሳለ መንግሥት ገና ሐውልት አላቆመለትም ነበር። የሕዝብ ኮሌጅ የሕዝቡን ልብ እንዲህ ይሸከማል።

ዛሬ ያ ኮሌጅ ዴዳን ኪማቲ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በ2012 መጨረሻ ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ግቢው ውስጥ የራሱ ቡና እርሻ አለው፤ የቡና ቴክኖሎጂ ያስተምራል፣ ቡናውን ቆልቶ ይሸጣል። የቡና አገር ልጅ ነኝና ይህን ሳይ ቀናሁ። የካካሜጋው ሀራምቤ ኮሌጅ በ2007፣ የሙራንጋው በ2016 እንዲሁ ዩኒቨርሲቲ ሆነዋል። እዚሁ ናይሮቢ ጥግ ያለው የኪያምቡ ሀራምቤ ኮሌጅ ግን ዩኒቨርሲቲ አልሆነም።

ዕድገት መልካም ነው። ግን ኮሌጁ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ቧንቧ ሠራተኛው፣ አዳቃዩ፣ የሞተር ጠጋኙ የሚማርበት ወንበር ባዶ ይቀራል። ባዶውን ማን ይሞላዋል? ኬንያ ዘግይታም ቢሆን ጥያቄውን ሰምታለች። የ2010ሩ ሕገ መንግሥት የመንደር ፖሊቴክኒኮችን ለ47ቱ ካውንቲዎች ሰጠ፤ በ2013 የቴክኒክና ሙያ አዋጅ ወጣ፤ ለ290ዎቹ የምርጫ ክልሎች ለእያንዳንዳቸው አንድ የቴክኒክ ማሰልጠኛ ይኑር ተብሎ ግንባታ ተጀመረ።

ግንባታው ብቻውን ግን ኮሌጅ አይሆንም። በጉዞዬ ካየኋቸው ማሰልጠኛዎች በአንዱ፣ ስሙን በማልጠቅሰው፣ አዲስ ማሽን ከነሳጥኑ ቆሞ አቧራ ለብሶ አገኘሁት። ባለ ሦስት ፌዝ መብራት ስለሌለ ሊነሣ አልቻለም። ከግቢው ውጭ ደግሞ ገበሬው የሣር መቁረጫውን ለማስጠገን ናይሮቢ ድረስ ይሄዳል። የሣር መቁረጫ ለመጠገን ያ ማሽን አያስፈልግም፤ ብየዳና ሞረድ ይበቃል።

ወረቀቱ ያመጣው ሰው

የሾሾን የሣር መቁረጫ የመሰለ መሣሪያ የሚሠራው ናይሮቢ ካሙኩንጂ ነው። መዶሻው ጆሮ ያደነቁራል። ሰዎቹን «ጁዋ ካሊ» ይሏቸዋል፤ የጠራራ ፀሐይ ሠራተኞች ማለት ነው፤ ጣሪያ ሳይኖራቸው በፀሐይ ሲቀጠቅጡ ስለሚውሉ። በ1972 የዓለም ሥራ ድርጅት የኬንያን ጠጋኝና ቀጥቃጭ አጥንቶ ባወጣው ዘገባ ነው ዓለም እንዲህ ያለውን ሥራ ከቁም ነገር መቁጠር የጀመረው። ዛሬ ከአምስት ኬንያውያን ሠራተኞች አራቱ የሚተዳደሩት በዚህ ዓይነት መደበኛ ባልሆነ ሥራ ነው።

የአንዱን ፉንዲ፣ ማለትም የእጅ ባለሙያ፣ ታሪክ ልንገራችሁ። ከሙራንጋ ነው የመጣው። በመንደር ፖሊቴክኒክ ብየዳ ተማረ። «ትምህርቱ መንደር እንድንቀር ነበር የታሰበው» አለኝ መዶሻውን አስቀምጦ። «እኛ ግን የመንግሥቱን የሙያ ፈተና እንድንወስድ ጠየቅን። ወላጆቻችንም ወረቀት ሳይይዝ ምን ተማረ ይባላል አሉ። ፈተናውን አለፍኩ። ወረቀቱን ይዤ ከመንደር ወጣሁ። ማማ፣ ናይሮቢ ያመጣኝ ወረቀቱ ነው።»

የመንደር ፖሊቴክኒክ ጀማሪዎች ያልጠበቁት ይህ ነው። በአካባቢው ሥራ ይዞ እንዲቆይ ያስተማሩት ልጅ ምስክር ወረቀት ጠየቀ፤ ምስክር ወረቀቱ ከተማ መግቢያ ሆነ። በልጁ አልፈርድም። ሙራንጋ ውስጥ የሚበየድ በር ሊኖር ይችላል፤ በሩን ለማስበየድ ገንዘብ ያለው ሰው ግን አልነበረም።

የዳክታሪ ነገር የዚህ ተቃራኒ ነው። ፉንዲውን ከተማ ያወጣው የገበያ ማጣት ነበር፤ ዳክታሪን መንደር ያስቀረው የገበያ መኖር ነው። ከእሱ ጀርባ የጊቱንጉሪ የወተት ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር አለ፤ በ1961 በ31 ገበሬዎች የተጀመረ፣ ከ2004 ጀምሮ «ፍሬሻ» የሚባለውን ወተት አሽጎ ናይሮቢ ሱቅ የሚያደርስ። ገበሬው የማዳቀያውን ክፍያ በእጁ ገንዘብ ባይኖረው ከወተቱ ሒሳብ ይቀነስለታል። ስለዚህ ዳክታሪን አይለምኑትም፤ ይቀጥሩታል። የማኅበር ሒሳብ መያዝ በካረኑ ኮሌጅ የሚማሩት ሙያ ነው፤ የኮርማው ዘር ከካቤቴ ጣቢያ ይመጣል፤ የእሱ እጅ በካቤቴ ኮሌጅ ተፍታቷል። ኮሌጅ፣ ማኅበርና ገበያ እንደ ሦስት ጉልቻ ናቸው፤ አንዱ ከጎደለ ድስቱ አይጣድም።

ዴንማርኮች ይህን ቀድመው አይተውታል። በ1844 ለገበሬ ልጆች የሕዝብ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ በ1882 የመጀመሪያውን የገበሬዎች ማኅበር ወተት ማቀነባበሪያ አቆሙ። ማንበብና መወያየት የተማረው ገበሬ ነው ማኅበሩን የመራው። የካረኑን የኅብረት ሥራ ኮሌጅ ሲረዱ ኬንያውያንን ያካፈሉት ያንን ልምድ ነው።

የእኔ ኮሌጅ

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መንግሥት 25 የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችን ከፍቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ60 ሺህ በላይ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች አሰልጥኗል። በየገጠር ቀበሌው ሦስት ሠራተኛ፤ አንዱ በሰብል፣ አንዱ በእንስሳት፣ አንዱ በተፈጥሮ ሀብት። ይህን ያህል ሰው በገጠር ያሰማራ የአፍሪካ አገር ጥቂት ነው። ከዚያ በፊት ብዙው ቀበሌ የተማረ ሰው የሚያየው ግብር ሊሰበስብ ወይም ስብሰባ ሊጠራ ሲመጣበት ነበር። እኛ ግን መንደር ውስጥ ቤት ተከራይተን ኖርን። በክረምት ጭቃውን አብረን ወጣን፣ ለቅሶ አብረን ተቀመጥን። ያ ትልቅ ነገር ነው፤ ማንም ሊያሳንሰው አይገባም።

የጎደለንን ግን ዛሬ ከሾሾ በረት ሆኜ አየዋለሁ። ኮሌጃችን ደብተር ሙሉ ጽሑፍ ሰጠን፣ ላም ግን አልሰጠንም። መቶ ተማሪ አንዲት ላም ከቦ ከሩቅ ነበር የሚያየው። ቀበሌ ስንወጣ ፍላሽ የለም፣ ሞተር የለም፣ የመድኃኒት ሣጥን የለም። ገበሬው «ላሜ ኮርማ ፈልጋለች» ሲለኝ የምሰጠው ምክር ብቻ ነበረኝ። አንድ ሽማግሌ አንድ ቀን «ልጄ፣ አንቺ ጥሩ ልጅ ነሽ፤ ግን ባዶ እጅሽን ነው የላኩሽ» አሉኝ። ስድብ አልነበረም፤ አዝነውልኝ ነው። ደመወዜን ከመንግሥት ነበር የማገኘው፤ ገበሬው ቢጠቀምም ባይጠቀምም ያው ነበር። ማኅበር የለ፣ ወተት የሚገዛ የለ፣ ባሕር ዳር ድረስ ማን ያመላልሰዋል? ሦስት ዓመት ሠርቼ ወጣሁ። ብዙ ጓደኞቼም ወጥተዋል፤ አንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ አንዷ አረብ አገር ናት፣ እኔ ናይሮቢ አይብ አወጣለሁ። የቀሩትም አሉ፤ ስለ እነሱ ሳስብ አንገቴን ዝቅ አደርጋለሁ።

ለአገር ልጆች

እዚህ ናይሮቢ እድር አለን። የሚሞትብንን እንቀብራለን፣ የታመመ እንጠይቃለን፣ ከዚያ አልፎም ለትውልድ አካባቢያችን እናዋጣለን። ባለፈው ስብሰባ ለአንድ ወረዳ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አጥርና በር ይሠራ የሚል ሐሳብ ቀረበ። እጄን አንሥቼ ከሾሾ ቤት ያየሁትን ተናገርኩ። ለእናንተም የምለው ያንኑ ነው፤ በዋሽንግተንም ሁኑ በዱባይ፣ በአዲስ አበባም ሁኑ በባሕር ዳር።

ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት አራት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ አካባቢው የሚኖረው በምንድን ነው? በወተት ከሆነ አዳቃይ፣ በሩዝ ከሆነ የመውቂያ ጠጋኝ፣ በማር ከሆነ ቀፎ ሠሪ ይማር። ሁለተኛ፣ ተማሪው ከመመረቁ በፊት መሣሪያውን ስንት ጊዜ በእጁ ይዞታል? ሦስተኛ፣ ሲመረቅ ምን ይዞ ይወጣል? ወረቀት ብቻ ከሆነ ወረቀቱ ከተማ ይወስደዋል፤ ፍላሽና ሞተር ብስክሌት በብድር ከያዘ መንደር ያቆየዋል። አራተኛ፣ የሠራበትን የሚከፍለው ማን ነው? ማኅበር ከሌለ ማኅበሩን ከኮሌጁ እኩል አቋቁሙ፤ የሒሳብ ሠራተኛውንም አሰልጥኑ።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለኝ። ልጃችሁ ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ ቴክኒክና ሙያ ሲገባ ፊታችሁን አታጥቁሩበት። ያን ፊት ልጁ ዕድሜውን ሙሉ ይሸከመዋል። ጊቱንጉሪ ውስጥ በሌሊት በር የሚንኳኳበት፣ ሽማግሌ የሚነሣለት፣ «ዳክታሪ» የሚባለው ሰው የሁለት ዓመት ኮሌጅ የተማረ ልጅ ነው።

የእድራችን አጥር ጉዳይ ቀርቷል። በምትኩ አንድ ፍላሽ፣ አንድ ሞተር ብስክሌትና የማዳቀያ መሣሪያ ገዝተን፣ በአንድ የወተት ማኅበር በኩል በረጅም ጊዜ ብድር ለአንዲት አዲስ ተመራቂ ለመስጠት ተስማምተናል። መዋጮው ሞልቷል። ልጅቷን እየመረጡ ያሉት የማኅበሩ ገበሬዎች ናቸው፤ የሚቀጥሯትም እነሱ ናቸውና።